«ገና አዲስ ነው እኮ!»

የአያቴ ቤት ጣሪያ ዳንቴል ነበረው። የእንጨት ዳንቴል። የድሮ አዲስ አበባ ቤቶችን ልብ ብሎ ያየ ሰው ያውቀዋል፤ ከቆርቆሮው ጫፍ ሥር በረንዳውን ተከትሎ የሚንጠለጠል፣ ጥርስ ጥርስ እየተደረገ የተቆረጠ ቀጭን ጣውላ ነው። በእንዲህ ያሉ ቤቶች ላይ የህንድና የአርመን ባለሙያዎች እጅ አለበት። ልጅ ሆኜ ክረምት ላይ በረንዳው ላይ ቁጭ ብዬ ከየጥርሱ ጫፍ የሚንጠባጠበውን ውኃ እቆጥር ነበር።

ቤቱ ፒያሳ ነበር። በ2016 ዓ.ም. ሰፈሩ ሲፈርስ አብሮ ፈረሰ። ከመፍረሱ በፊት ሁለት ቅዳሜ ሄጄ በሜትር ለካሁት፣ በስልኬ ፎቶ አነሳሁት፤ ከዚያ በካርቶን አሳንሼ ልሠራው ቆርጬ ተነሳሁ። እኔስ ቆርጬ ነበር። ያልቆረጠው ካተሬ ነው።

ስለ ቤቱ ሌላ ቀን እጽፋለሁ። ዛሬ የማወራው ስለ ምላጭ ነው።

የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ሞዴል አሠራር ማንም አላስተማረኝም። መጠኑን 1 ለ 50 ያደረግሁት ቁጥሩ ለጭንቅላት ስለሚመች ነው፤ አንድ ሜትር 2 ሴንቲ ይሆናል። 12 ሜትር የነበረው የቤቱ ፊት 24 ሴንቲ ሆኖ የምግብ ጠረጴዛችን ጥግ ላይ ይቀመጣል፣ ባለቤቴም ብዙ አትቆጣም። ጉዱ ያለው ትንንሹ ነገር ላይ ነው። 20 ሴንቲ የነበረው የዳንቴሉ ጥርስ 4 ሚሊ ሜትር ሆኖ ቁጭ ይላል። መስኮቱን መሐል ለመሐል የምትከፍለው 4 ሴንቲ እንጨት ደግሞ 0.8 ሚሊ ሜትር ትሆናለች። የክብሪት እንጨት ግማሽ እንኳን አትሞላም።

እጄ ላይ የነበረው፣ ድሮ ቢሮ የዕቃ ካርቶን የምንቀድበት ካተር ነው። ቢጫ፣ ወፍራም፣ ምላጩ 18 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው፣ ሲገፉት ቀጭ ቀጭ የሚል። የመጀመሪያውን ጥርስ ቆረጥኩ፤ አይከፋም። ሁለተኛውን ስቆርጥ የመጀመሪያው ተነቅሎ መጣ። አሥረኛው ላይ ስደርስ ፊቴ ያለው ነገር አይጥ የበላው ወረቀት መሰለ። ጠርዙ ጢም አብቅሏል። ካርቶን ሳይቆረጥ ሲቀደድ የሚያወጣው ያ ነጭ ጭረት ማለቴ ነው። ካተሩ ሻካራ ዕቃ ስለሆነ ነው አልኩ። ለስስ ሥራ የሚሆን ሌላ ምላጭ መኖር አለበት። ፍለጋው እዚህ ላይ ጀመረ።

መጀመሪያ ትዝ ያለኝ የአባባ የጢም መላጫ ነው።

አባባ እሁድ እሁድ ነበር የሚላጨው። አንዲት ምላጭ ስንት እሁድ እንደምታገለግል ብነግራችሁ አታምኑኝም። ስትደነዝዝ የሻይ ብርጭቆ ውስጥ ያስገባትና በሌባ ጣቱ ከብርጭቆው ግድግዳ ጋር አጣብቆ ወዲያና ወዲህ ያሻታል። ፊቱን እየቧጨረች ስታስቸግረው ለእማዬ ትሰጣለች፤ የልብስ ስፌት መተርተሪያ ትሆናለች። ከዚያ ጥፍር መቁረጫ። ከዚያ የኛ እርሳስ መቅረጫ። በቤታችን ምላጭ ጡረታ አያውቅም ነበር፤ ሥራ ብቻ ይቀይራል። እኔም የወጣሁት ከዚያ ቤት ነው። ይህን ያዙልኝ፤ በኋላ ይመጣል።

ምላጯን ከነወረቀቷ ለሁለት ሰብሬ በቀጭን እንጨት ላይ በፕላስተር አሰርኳት። ስስ ወረቀት ላይ ተአምር ሠራች። ያለ ድምፅ ታልፋለች። አንድ ሚሊ ተኩል ውፍረት ያለው ካርቶን ላይ ግን ትታጠፋለች። ከማስመሪያው ሸሽታ እንደ ሰካራም ወዲያ ትንገዳገዳለች። እጅግ ቀጭን ናት፤ ውፍረቷ የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ነው። ጢም የሚቆርጥ ሁሉ ግድግዳ አይቆርጥም።

ቀጥሎ የሄድኩት የሕክምና ዕቃ መሸጫ ነው። ቀጭን ግን የማይታጠፍ ስለት የሚጠቀም ሰው ማነው ብዬ ሳስብ ሐኪም ብቻ ነው የመጣልኝ። ባንኮኒው ላይ አንዲት ልጅ ነበረች።

«የቀዶ ጥገና ምላጭ ፈልጌ ነበር።»

«ስንት ቁጥር?»

«ቁጥር አለው እንዴ?»

ከላይ እስከ ታች አየችኝ። «ዶክተር ነህ?»

«አይ።»

«ታዲያ ለምንድን ነው?»

«ቤት ልሠራበት።»

ትንሽ ዝም አለች። «ወንድሜ፣ ቤት በዚህ አይሠራም» አለችኝ፣ ለታመመ ሰው በሚነገር ለስላሳ ድምፅ።

ስልኬን አውጥቼ የጀመርኩትን ግድግዳ ሳሳያት ሳቀች። ከዚያ ግን ሙያዋን ታውቃለች፣ በአንድ ጊዜ አስተማረችኝ። መያዣው ለብቻው ነው የሚሸጠው፣ ምላጩም ለብቻው። ቁጥር 3 የሚባለው መያዣ እነ 10፣ 11፣ 12 እና 15ን ይይዛል። ከ20 በላይ ያሉት ትልልቆቹ ቁጥር 4 መያዣ ይፈልጋሉ፤ አይቀላቀሉም። 10 ሆዱ የተነፋ ነው። 15 የእሱ ትንሽ ወንድም። 12 እንደ ማጭድ ቆልመም ያለ ነው። 11 ግን ቀጥ ያለ ባለ ሦስት ማዕዘን ነው፤ ጫፉ እንደ መርፌ ይሾላል። ጫፉን ሳየው ለመስኮቶቼ የተሠራ መሰለኝ። ለወጉ ያህል ከሁሉም ገዛሁ። 12ቱን እስካሁን አልተጠቀምኩበትም። ባለቤቴ ወስዳው ስፌት ትተረትርበታለች፣ የእማዬ ነገር መሆኑ ነው።

11ን ከመያዣው ጋር አጋጥሜ የመጀመሪያውን መስኮት የቆረጥኩበትን ማታ አልረሳውም። ወጉ እንዲህ ነው። ጫፉን ማዕዘኑ ላይ ትተክላለህ። ትንሽ ጋደም አድርገህ ወደ ራስህ ትስባለህ፣ ሳትጫን። በአንድ ጊዜ ልበጥሰው አትልም፤ የመጀመሪያው መሳብ መንገድ ማበጀት ብቻ ነው፣ ሁለተኛው ያጠልቃል፣ ሦስተኛው ወይም አራተኛው ይጨርሳል። ከዚያ ካርቶኑን አዙረህ ከሌላኛው ማዕዘን ትጀምራለህ፤ ምላጩን ካርቶኑ ውስጥ ለማዞር ከሞከርክ ጫፉ ይሰበርና ወደ ዓይንህ ይፈናጠራል። መሐሏ ላይ ያቺ 0.8 ሚሊ ሜትር እንጨት ቀረች። አልተበጠሰችም። ባለቤቴን ከእንቅልፏ ቀሰቀስኳት። «ቆንጆ ነው፣ ተኛ» አለችኝ።

ሥራው ሲገፋ መያዣው አስቸገረኝ። የሐኪም መያዣ ጠፍጣፋ ብረት ነው፤ ለአምስት ደቂቃ ይመቻል፣ ለሦስት ሰዓት ግን ጣት ያደነዝዛል። ሞዴል ሠሪዎች በቪዲዮ ላይ የሚይዙት እንደ እስክሪብቶ ድቡልቡል የሆነ ነገር ነው። ኤክስ አክቶ ይባላል። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1917 ሰንደል ዶኒገር የሚባል ከፖላንድ የሄደ ስደተኛ ያቋቋመው ኩባንያ ነው፤ ስለት ከመሥራቱ በፊት የሕክምና መርፌ ያመርት ነበር። እዚያም ዝነኛው ምላጭ ቁጥር 11 ነው። ቁጥር 11! ሲልቨር ስፕሪንግ ለሚኖረው የአክስቴ ልጅ ጻፍኩለት፦ «ስትመጣ ቁጥር 11 ምላጭ ያዝልኝ፣ መያዣ አለኝ።»

በሚጫነው ሻንጣ ከትቶ መቶ ፍሬ አመጣልኝ። አንዱም አልገባም።

የሐኪሙ 11 መሐሉ ክፍት ነው፤ በዚያ ቀዳዳ መያዣው ላይ ይንሸራተትና ይቆልፋል። የአሜሪካው 11 ጭራ ግን መያዣው እንደ ድሪል አፍ ተጠምዝዞ እንዲጨብጠው የተሠራ ነው። ቁጥራቸው አንድ፣ መልካቸው መንታ፣ ጭራቸው ግን አይተዋወቅም። መያዣውን ሌላ መንገደኛ እስኪያመጣልኝ አራት ወር ጠበቅሁ። መቶ ምላጭ መሳቢያዬ ውስጥ ተቀምጦ እኔ በደነዘዘ ምላጭ መሥራቴን ቀጠልኩ። እናንተ ስታዝዙ ምላጩንና መያዣውን ከአንድ ቤት አድርጉት።

በዚያው አራት ወር ውስጥ ሌባ ጣቴን ቆረጥኩ። ሰው ሲሠራ የሚቆረጥ ይመስለዋል። እኔን የቆረጠኝ የሐኪሙን ምላጭ ከመያዣው በባዶ እጅ ላወጣ ስታገል ነው። በፒንሳ ነው የሚወጣው፤ ጀርባውን ይዘህ ትንሽ ቀና ታደርገውና ከሰውነትህ አርቀህ ትገፋዋለህ። አሁን አውቄያለሁ። ሦስት ቦታ ተሰፋሁ። በሳምንቱ ክሮቹን ሊያወጣልኝ የመጣው ነርስ በእጁ ምን ይዞ እንደመጣ ገምቱ። ቁጥር 11። «አዲስ ነው?» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝና «አንዴ ነው የምንጠቀምበት» አለ። ነገሩን ለንጽህና ብቻ አድርጌ ተረዳሁትና አለፍኩ። ያኔ ነበር መንቃት የነበረብኝ።

ጢሙ ተመልሶ መጣ፣ በዚያ ውድ ምላጭ ላይ እንኳን። መስኮት አምስት ላይ ትንሽ ጀመረው። መስኮት ሰባት ላይ ካርቶኑ ጭርር ይል ጀመር። ስል ምላጭ እኮ ድምፅ የለውም። ምላጩ አስመስሎ የተሠራ ነው ብዬ ሻጯን በልቤ ረገምኳት፤ ይቅር ትበለኝ። አንድ ማታ መብራት ሲመለስ ምላጩን አምፖሉ ሥር ይዤ አገላበጥኩት። ጫፉ ላይ ነጭ ነጥብ ብልጭ አለ። አዲሱን ከፍቼ ተመሳሳይ ቦታ ያዝኩት። ምንም አያበራም። የሳለ ጠርዝ ብርሃን የሚያንጸባርቅበት ስፋት የለውም፤ ካበራ ጠፍጥፏል ማለት ነው።

ግን ወረቀት ብረትን እንዴት ያደነዝዛል? ይህ ነገር እንቅልፍ ነሳኝና አነበብኩ። ወረቀትና ካርቶን እንጨት ብቻ አይደለም። እንዲነጣና እንዲለሰልስ ነጭ ሸክላ አፈርና የኖራ ድንጋይ ዱቄት ይጨመርበታል። እኔ ለስላሳ ነው ብዬ የምጎትትበት ነገር በአንድ በኩል አፈር ነው። በዚያ ላይ ከሥር አንጥፌ የምቆርጠው የመስኮት መስታወት ላይ ነበር፤ ለጥ ያለ ነው ብዬ። ምላጩ ካርቶኑን በበሳ ቁጥር ጫፉ መስታወት ላይ ያርፋል። መስታወቱን አውጥቼ የወለል ፕላስቲክ ቁራጭ አነጠፍኩ።

ከዚያ እንደ ልማዴ ሂሳብ ሠራሁ። ዳንቴሉ ሦስቱን የበረንዳ ጎኖች ሲዞር 60 ሴንቲ ይሆናል። በ4 ሚሊ ሜትር ሲካፈል 150 ጥርስ። ለአንድ ጥርስ ሁለት ቁርጥ፤ 300። እያንዳንዱን ቁርጥ ሦስት ጊዜ ስመላለስበት 900። እኔ ደግሞ ያንን ሁሉ በአንድ ጫፍ ልጨርስ ነበር ያሰብኩት። ለምን? ምላጩ ገና አልተሰበረም፣ አልዛገም፣ ይቆርጣል። ገና የሚሠራ ነገር መጣል ለአባባ ልጅ አልሆንለት አለ።

የካተሩን ነገር የተረዳሁት ያን ጊዜ ነው። ምላጩ ላይ አግድም የተሰመሩትን መስመሮች ታውቋቸዋላችሁ? ዕድሜዬን ሙሉ ጌጥ ይመስሉኝ ነበር። ቢበዛ እንዳያንሸራትት። የመሰበሪያ መስመሮች ናቸው። ጫፉ ሲደንዝ በመስመሩ ላይ ቀጭ አድርገህ ትሰብረዋለህ፤ አዲስ ጫፍ ይወጣል። ኪስ ላይ ማንጠልጠያ ትመስለኝ የነበረችው የኋላዋ ፕላስቲክም ለዚሁ ናት፤ ነቅለህ በስንጥቋ ጫፉን ነክሰህ ትሰብርበታለህ። የኔን ቆጠርኩት። 8 ክፋይ ነው። ስንት ዓመት የሠራሁት በመጀመሪያው ነው። ሰባቱ ለታቦት የተሳልኳቸው ይመስል አልተነኩም።

ይህን ያሰበው ሰው ዮሺዮ ኦካዳ ይባላል። ኦሳካ ውስጥ ማተሚያ ቤት ይሠራ ነበር። ወረቀት የሚቆርጡበት ምላጭ ጫፉ ብቻ ይደነዝዝና ቀሪው ሳይነካ ይጣላል፤ ይህ አንገበገበው። ጫማ ሠሪዎች የመስታወት ስባሪ ሲደነዝዝባቸው እንደገና እየሰበሩ አዲስ ጠርዝ ሲያወጡ አይቷል። ከጦርነቱ በኋላ የአሜሪካ ወታደሮች የሚያድሉትን በመስመር በመስመር የሚሰበር ቸኮሌትም ያውቃል። ሁለቱን አጋጠማቸው። እ.ኤ.አ. በ1956 ተሰባሪውን ካተር ሠራ። በኋላ የቆመው ኩባንያ ኦልፋ ይባላል፤ በጃፓንኛ «ኦሩ» መስበር፣ «ሃ» ስለት ነው።

ይህን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ። ሰውዬው እኮ ቆጣቢ ነው! አባባን ቢያገኘው ሲጨዋወቱ ይመሽባቸው ነበር። ምላጭ እንዳይባክን የሰው ልጅ ያሰበው ብልሃት እጄ ላይ ነበረ፤ እኔ ደግሞ እንዳይባክን ብዬ አልሰብረውም።

የመጀመሪያውን ክፋይ ስሰብረው፣ እውነቴን ነው፣ ልቤ ስንጥቅ አለ። ቀጭ። ከዚያ ያንኑ ሻካራ ያልኩትን ቢጫ ካተር ይዤ ያንኑ ካርቶን ሳብኩበት። ጢም የለም። ሻካራው እሱ አልነበረም ለካ።

ይሁን እንጂ ሁሉም አንድ ነው ማለቴ አይደለም። ፎም ቦርድን እዩት። በሁለት ወረቀት መሐል የተነፋ ፎም ነው፤ የቤቱን የድንጋይ መሠረት የሠራሁት በእሱ ነው። በደነዘዘ ምላጭ ፎም መቁረጥ ትኩስ ድፎ ዳቦን በዶማ መቁረጥ ነው፤ ይፈረፈራል፣ ይጨማደዳል፣ ላዩ ቀጥ ብሎ ውስጡ ይበላል። ለእሱ 11 አጭር ነው። የሚሻለው ቀጭኑ 9 ሚሊ ሜትር ካተር ነው፤ ምላጩን ረዘም አድርገህ ታወጣና ጋደም አድርገህ ትስበዋለህ፣ ዳቦ እንደምትቆርጠው። በገፋኸው ቁጥር ይፈረፈራል፣ በሳብከው ቁጥር ይቆረጣል። ረጅም የወጣ ምላጭ ግን ከጎን ሲጫኑት ይሰበራል፤ በዚህ ቀልድ የለም። 15 ደግሞ ለመቁረጥ ሳይሆን የደረቀ ኮላ ለመፋቅ ሆነልኝ። ካርቦን ስቲል ከሆነ ሥራ ስትጨርሱ ጥረጉት፤ ስለቱ ጥሩ ነው፣ አንድ የአዲስ አበባ ክረምት ግን ቡናማ ነጠብጣብ ያለብሰዋል።

የአሜሪካው መያዣ በመጨረሻ ሲመጣ ከሌሎች ምላጮች ጋር ተደባልቆ በአንድ ሳጥን ነበር። ከውስጡ አንዱ፣ ቁጥር 17፣ ጫፍ የለውም። ፊቱ ጠፍጣፋ ነው፣ የአናጢ መሮ ይመስላል። መጀመሪያ የተሰበረ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ዳንቴሉ ትዝ አለኝ። የውስጠኛውን የጥርስ ማዕዘን ላይ የምላጩን አንድ ጥግ ታስተካክላለህ። ሌላኛው ጥግ ከካርቶኑ ውጪ አየር ላይ ይቀራል። ከላይ ወደ ታች ትጫናለህ። አለቀ። መሳብ የለም፣ መመላለስ የለም። የማይጎተት ምላጭ የጎረቤቱን ጥርስ ይዞ አይመጣም። 900 የነበረው 300 ሆነ። በየ50 ጥርሱ ምላጭ ልቀይር ከራሴ ጋር ተዋዋልኩ፣ አንዴ ብቻ ነው ያፈረስኩት። ዳንቴሉ ሦስት ማታ ፈጀ።

የተጣሉት ምላጮች የኒዶ ቆርቆሮ ውስጥ ይገባሉ፤ ክዳኑን ሰንጥቄ አፍ አበጅቼለታለሁ። ቆሻሻ ላይ በቀጥታ መጣል አይቻልም፣ በእጁ የሚነካው ሰው አለ። አንድ ቀን ቆራሌው በር ላይ ሆኖ ቆርቆሮውን አየብኝ። «እሱስ?» አለ። አነቃነቀው፤ ሲንሿሿ ሰማና ሳይከፍት መለሰልኝ። ብልህ ሰው ነው።

ባለፈው እሁድ አባባ መጣ። ቤቱን አልጨረስኩትም፣ በረንዳው ግን ቆሟል። መነጽሩን አድርጎ ረጅም ጊዜ አየው። ዳንቴሉን በጣቱ ሊነካ ፈለገና ተወው። «ያቺ የማዕዘኗ ጥርስ እኮ ወልቃ ነበር፤ እኔ ነኝ በኳስ የሰበርኳት» አለ። አላውቅም ነበር። ካተሩን አነሳሁ፣ ላስወልቃት። ጫፉ መደንዘዙን አምፖሉ ሥር አየሁና በመስመሩ ላይ ቀጭ አደረግሁት።

«ኧረ አንተ ልጅ! ምን ነካህ?» ብድግ አለ። «ገና አዲስ ነው እኮ!»

«አባባ፣ ደንዟል።»

«የቱ ነው የደነዘው?» ስባሪውን ከጠረጴዛው ላይ በጥንቃቄ አነሳና በአውራ ጣቱ ጠርዙን ሞከረው። ጭንቅላቱን ነቀነቀ። ከኪሱ የቡና ቤት ደረሰኝ አወጣ፣ ስባሪዋን ሁለቴ ጠቀለላትና ደረት ኪሱ ውስጥ ከተታት።

«ለጥፍር» አለ።